የላይኛው አካል ጉዳት

ጃንዋሪ 24፣ ዓርብ

ሁለት ደቂቃ! ሰውን ከኋላ ገፍቶ ፊቱን ከአጥሩ መስታወት ጋር ላጣበቀ ሰው የሁለት ደቂቃ ቅጣት። ዳኛው ከአሥር ሜትር በማይርቅ ቦታ ቆሞ እያየ ነበር። የፖርት ሄለኑ 44 ቁጥር የቅጣት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ሠላሳ አራት ዓመት በጋዜጣ አርታኢነት ስሠራ ስሜትንና ዜናን እንዲለዩ ስንቱን ጀማሪ ተቆጥቻለሁ። ዛሬ ግን ዳኛውን በእናቱ ሰደብኩት። ኢርማ እጅጌዬን ጎትታ አስቀመጠችኝ።

"አንተ ሽማግሌ፣ ልብህ ይፈነዳና እዚሁ ትቀራለህ።"

እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ ነርስ ነበረች። ያየችው ሰው ሁሉ በሽተኛ ይመስላታል።

የተመታው ታነር ነው። ታነር ረምፔል፣ የእኛ የበረዶ ሆኪ ቡድን፣ የቆፋሪዎቹ፣ 6 ቁጥር ተከላካይ። በዚህ በታችኛው ሊግ የሚጫወቱት ልጆች የሚያድሩት ከከተማው ሰው ቤት ነው፤ እሱም ከካናዳ፣ ከሳስካችዋን መጥቶ እኔ ቤት ፎቅ ላይ ሲኖር ይሄ ሦስተኛ ክረምቱ ነው።

2 ለ 1 ተሸነፍን። ታነር በእግሩ መጣ። "ደህና ነኝ" አለ። የሳሎኑን መብራት አጠፋ። ወተት ጠጣና ካርቶኑን ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ሳህኖቹ መሃል አስቀመጠው። አንስቼ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት። ደክሞታል።

ጃንዋሪ 25፣ ቅዳሜ

ያለ ታነር 5 ለ 1 ተሸነፍን። የኋላ መስመራችን በር የሌለው ቤት ሆኗል። ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም።

ጃንዋሪ 27፣ ሰኞ

ሼልቢ ደወለች፤ የታነር ሚስት። እሷና ትንሿ ልጃቸው እዚያው አገራቸው ናቸው። ሁልጊዜ የምትደውለው ለእሱ ነው። ዛሬ ለእኔ ደወለች።

"ሚስተር ላሲላ፣ ይቅርታ፣ አስቸገርኩዎት። ታነር ደህና ነው? ትናንት አንዱን ወሬ ሁለቴ ነገረኝ።"

"እንደ ፈረስ ነው" አልኳት። "ዛሬ ጠዋት ሦስት እንቁላል ጠብሼለታለሁ።"

"እሱ ግን ደህና ባይሆንም ደህና ነኝ ነው የሚለው።"

"እኔ አጠገቡ አለሁ አይደል?"

አመሰገነችኝ። እንቁላሎቹን መጥበሴ እውነት ነው። አንዱን በላ፣ ሁለቱን እኔ ጨረስኳቸው።

ጃንዋሪ 30፣ ሐሙስ

ክለቡ መግለጫ አወጣ። "ረምፔል በላይኛው አካል ጉዳት ምክንያት ላልተወሰነ ጊዜ አይሰለፍም።"

የላይኛው አካል! ትከሻም የላይኛው አካል ነው፤ ጥርስም፣ አውራ ጣትም። ሆኪ ውስጥ ቦታው አይነገርም፤ ከተነገረ ተጋጣሚ እዚያው ላይ ይመታል ይባላል። ይህችን ሐረግ እኔው ራሴ ስንት መቶ ጊዜ ለኅትመት አሳልፌአታለሁ። አንድ ቀን እንኳ ስልክ አንስቼ "የቱ ጋ ነው?" ብዬ አልጠየቅሁም። ዛሬ ግን ቀኑን ሙሉ ስታቃጥለኝ ዋለች።

የሥጋ ፓስቲ የምገዛበት ቤት ሮላንድ ያዘኝ። ሮላንድ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ጨዋታ ላይ ከኋላችን ነው የሚቀመጠው። ሲያወራ መስኮት ይንቀጠቀጣል።

"አርቮ! ያን ልጅህን ንገረው እንጂ! አስፕሪን የሚባል ነገር ተፈልስፏል በለው!"

የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ።

"አምስተኛ ነን እኮ" አለኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ። "አራት ነው የሚያልፈው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የማጣሪያ ጨዋታ አላየንም። ያለ እሱ አለቀልን።"

"እነግረዋለሁ" አልኩት። እኔም ስቄ ነበር።

ፌብሩዋሪ 3፣ ሰኞ

ታነር ቁርስ ላይ በጥቁር መነጽር ተቀመጠ። ኩሽና ውስጥ።

"ሽማግሌው፣ አንድ ነገር ብጠይቅህ እምቢ ትላለህ?"

"እንደ ነገሩ ነዋ።"

ነገሩ ይህ ነው። በየሴፕቴምበሩ፣ ገና ማንም ሳይመታ፣ ሐኪሙ ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ ይፈትናል። አምስት ቃል ይነግራቸዋል፣ ቆይቶ ይጠይቃቸዋል፤ የዓመቱን ወራት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያስቆጥራቸዋል። በኋላ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ያንኑ ፈተና ይደግማል። ውጤቱ ከሴፕቴምበሩ ካነሰ አይጫወትም። ስለዚህ በሴፕቴምበር ሁሉም ሆን ብለው ይሰንፋሉ።

"የአንዳንዱን ውጤት ብታየው ጫማውን ማን እንደሚያስርለት ይገርምሃል" አለኝ።

"አንተስ?"

"ሼልቢ አስማለችኝ። እንደ ሞኝ በሙሉ ጭንቅላቴ ተፈተንኩ። አሁን ያንን ማምጣት አለብኝ።"

አምበሉ የፈተናውን ወረቀቶች አምጥቶለታል። አራት ናቸው፣ ሐኪሙ እነሱኑ ነው የሚያፈራርቀው፤ በየቡድኑ መልበሻ ክፍል ይዞራሉ። ተናደድኩ። ሁሉም የሚያጭበረብርበትን ፈተና ፈተና ብሎ የሚጠራ ሊግ! ሐኪሙ አያውቅም? አሠልጣኙ ካውፊልድ አያውቅም? አሥር ዓመት ሲያሠለጥን?

ወረቀቶቹ ላይ ሁለት የፊደል ግድፈት ነበር። አረምኳቸው። በጠንካራ ካርድ ላይ በንጹሕ ጽሕፈት ገለበጥኩለት። ከነገ ጀምሮ ከቁርስ በኋላ ግማሽ ሰዓት እናጠናለን።

ፌብሩዋሪ 6፣ ሐሙስ

ሻማ፣ ድልድይ፣ ጓንት፣ ሽንኩርት፣ መርከብ። ከአምስት ሦስት አገኘ።

ወራት፦ ዲሴምበር፣ ኖቬምበር፣ ኦክቶበር፣ ኦገስት።

"ሴፕቴምበርን በላሃት" አልኩት።

ካርዱን ግድግዳው ላይ ወረወረው። በሦስት ክረምት ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማሁት ዛሬ የመጀመሪያ ቀን ነው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አነሳውና "ይቅርታ፣ እንደገና" አለ። እንደገና ሞከርን። አራት።

ፌብሩዋሪ 10፣ ሰኞ

አምስት ከአምስት! በአራቱም ካርድ! ወራቱንም ሳይተነፍስ ጨረሳቸው።

ከዚያ ሽንት ቤት ገብቶ አስታወከ። ፓስቲው መሆን አለበት። ያ ቤት ባለቤቱ ከተቀየረ ወዲህ ሥጋው እንደ ድሮው አይደለም።

ፌብሩዋሪ 13፣ ሐሙስ

አለፈ። ነገ ልምምድ ይጀምራል።

ሐኪሙ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም አለኝ። ሩብ ሰዓት! ታነር በረዶው የሚያንጸባርቅበትን መንገድ ዓይኑን ጨፍኖ እየተሻገረ ነው የሚመጣው፤ ይሄ ሐኪም ግን ዓይኑን አላየም፣ አካሄዱን አላየም። ወረቀት ላይ ምልክት አደረገ፣ አበቃ። እንዲህ ያለው ሐኪም ፈቃዱን ከየት አገኘው? በእኔ ጊዜ ቢሆን አንድ ሪፖርተር እልክበት ነበር።

ታነር አምስቱን ቃል አሥር ሰኮንድ ባልሞላ ጊዜ ነው የደረደረለት። ሐኪሙ እንኳ "ከሴፕቴምበሩ ይሻላል" ብሎታል።

ደስታችንን ለማክበር የእንፋሎት መታጠቢያችንን፣ ሳውናውን አነደድኩ። ታነር ሙቀቱን አልቻለውም፤ ግድግዳ ይዞ ወጣ።

ፌብሩዋሪ 22፣ ቅዳሜ

በችኮላ። አሸነፍን፣ 4 ለ 3። ትናንትም 2 ለ 0። ታነር ሃያ ሁለት ደቂቃ ተጫወተ። ሮላንድ በሁለቱም ቀን ቢራ ጋበዘኝ። ለአራተኛነት ሁለት ነጥብ ቀረን።

የመኪናውን ቁልፍ ደብቄበታለሁ። የጠፋ መስሎት ይፈልጋል። እኔው አደርሰዋለሁ፣ ምን ቸገረኝ።

ማርች 2፣ እሁድ

ኢርማ ሾርባ ይዛ መጣች። ታነር ጥቁር መነጽሩን እንዳደረገ ማንኪያውን ሁለቴ ከጠረጴዛው ጠርዝ ውጪ፣ አየር ላይ አስቀመጠው። ሁለቴም ወደቀ። እሱ ወደ ላይ እስኪወጣ ጠበቀች።

"አርቮ፣ ይሄ ሰው ታሟል።"

"ሐኪም አይቶታል።"

"አንተስ አይተኸዋል?"

"ፈተናውን አልፏል አልኩሽ። ከሴፕቴምበሩ የተሻለ ውጤት ነው ያገኘው።"

"የተሻለ?" ብላ አፈጠጠችብኝ። "ተመትቶ ነው የተሻለው?"

"ጡረታ ወጥተሻል ኢርማ። ሁሉንም ነገር ሆስፒታል አታድርጊው።"

ኮቷን ለበሰች። ሃያ ሦስት ዓመት አጠገቤ ተቀምጣ ጨዋታ አይታለች፤ ከእንግዲህ ያ ልጅ ሲጫወት ለማየት አልገባም አለችኝ። በሩ ላይ ቆማ፣ "ለሚስቱ ደውል" አለች። "አንተ ካልደወልክ ቁጥሯን ስጠኝ።"

ቁጥሯን የት እንዳስቀመጥኩ አላውቅም አልኳት። በራሷ ቤት ማንንም ጠይቃ የማታውቅ ሴት እኔን ልታዝዘኝ! ድስቷንም ረስታ ሄደች። አልመልስላትም።

ማርች 9፣ እሁድ

ሼልቢ ደውላ ነበር። አላነሳሁትም፤ በረዶ እየጠረግሁ ነበር። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር።

እንደገና ደወለች።

እስከ መጨረሻው ጨዋታ ስድስት ቀን ብቻ ነው የቀረው። ከዚያ በኋላ ያርፋል። እኔው ራሴ አሳርፈዋለሁ።

ማርች 15፣ ቅዳሜ

3 ለ 2! አለፍን! ነገ እጽፋለሁ።

ማርች 16፣ እሁድ

እንደ ዜና ልጻፈው፤ ቅደም ተከተሉን ይዤ።

የመጨረሻው ጨዋታ በሜዳችን ነበር፣ ከፖርት ሄለን ጋር። ካሸነፍን አራተኛ፣ ካልሆነ ክረምቱ አለቀ። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፤ የብረት ማዕድኑ ከተዘጋ ወዲህ ያን ያህል ሰው አንድ ላይ ሲሰበሰብ አላየሁም። የኢርማ ወንበር ላይ ኮቴን አስቀመጥኩ። አንድ ሰውዬ "ይሄ ወንበር ሰው አለው?" ሲለኝ "አዎ" አልኩት፣ በቁጣ።

መጀመሪያ እነሱ አገቡ። እኛ አከታትለን ሁለት አገባን። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አቻ አደረጉን። አራት ደቂቃ ሲቀር ያ 44 ቁጥር ዱላውን እስከ ትከሻው አንስቶ መታ። ፓክ የሚሉት ያ ጠንካራ ጥቁር ጎማ ከጥይት በምን ይለያል? ታነር በፓኳ መንገድ ላይ ተንበረከከ። ከጆሮው በላይ አገኘችው፤ የሄልሜቱን ድምፅ እኛ የተቀመጥንበት ድረስ ሰማነው። ፓኳ ዘላ ከሜዳ ወጣች፤ ዳኛው ነፋ። ታነር በሆዱ ተዘርግቶ ቀረ።

ሰው ዝም ይላል ብላችሁ ነው? መስታወቱን መደብደብ ጀመሩ። "ተነስ! ተነስ! ተነስ!" ሦስት ሺህ ሰው። ሮላንድ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ነበር። የሰው ልጅ ምን ያህል እንደሚጨክን ማየት የፈለገ ትናንት እዚያ መገኘት ነበረበት።

ተነሳ። ተነስቶ ወደ ፖርት ሄለን ተቀያሪዎች ወንበር ሄደ። በሩን ከፍቶ ሊገባ ሲል አንዱ ተጫዋቻቸው በሁለት እጁ ይዞ ወደ እኛ አቅጣጫ አዞረው፤ በቀስታ፣ ዓይነ ስውርን እንደሚያሻግር ሰው። ሕዝቡ ሳቀ። የተሳለቀባቸው መስሏቸው!

"አየኸው? አየኸው ሲያበሽቃቸው?" አለኝ ሮላንድ ጀርባዬን እየደለቀ።

ካውፊልድ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀው። ታነር ራሱን ነቀነቀ። የጠየቀው ስለ ወራት እንዳልነበረ አውቃለሁ። ከሦስት ደቂቃ በላይ አሳረፈው። አርባ ሰኮንድ ሲቀር መልሶ አስገባው። ይህንን ሰው ይቅር ልለው አልችልም።

ፓኳ ከጥግ ተንከባላ ሰማያዊው መስመር ላይ ታነር እግር ሥር መጣች። ዝቅ አድርጎ መታት። በሦስት ሰው እግር መሃል አልፋ፣ በበረኛው ክርን ሥር፣ ገባች። ጡሩምባው ሲነፋ ጣሪያው የሚነሳ መሰለኝ። ሮላንድ አንገቴን አንቆ አናቴን ሳመኝ። የማላውቃት ሴት አቅፋኝ ታለቅሳለች።

ታነር እጁን አላነሳም። ጓደኞቹ ላዩ ላይ እስኪዘሉበት ድረስ ቆሞ በረዶው ላይ ፓኳን ይፈልግ ነበር።

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ተኛ። ጉሮሮዬ ተዘግቷል፣ ድምፅ አይወጣኝም። ብርዱ ይሆናል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለባብሶ፣ ቦርሳውን ይዞ ከፎቅ ወረደ።

"አትነሳም እንዴ ሽማግሌው? ሰዓት ደረሰ እኮ።"

"ወዴት?"

"ጨዋታው ነዋ። ፖርት ሄለን።"

"ትናንት ነበር" አልኩት።

"አትቀልድ" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየ። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፣ ቦርሳውን እንዳቀፈ።

ኢርማን ጠራኋት። ሾርባ አልያዘችም። ሆስፒታል ወሰድነው።

ማርች 17፣ ሰኞ

ሼልቢን ሌሊቱን ኢርማ አናግራታለች። ቁጥሩን እኔ ነኝ የሰጠኋት።

ዛሬ አራቱን ካርዶች ይዤ የክለቡ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። በመንገድ ላይ የምሰድበውን እያዘጋጀሁ ነበር። ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አንድ በአንድ አያቸው።

"ማን ነው የጻፋቸው?"

"እኔ።"

"ስንት ቀን አጠና?"

"ስምንት።"

"ጽሕፈትዎ ጥሩ ነው" አለኝ። ያዘጋጀሁትን ሁሉ ረሳሁት።

ከሰዓት በኋላ ካውፊልድ ደወለ። የታነር ጨዋታ እስከ መጨረሻው አብቅቷል፤ በዚህ ዓመት ሳይሆን በዚህ ሕይወት። ሐኪሞቹ እንደዚያ ብለዋል።

"ሁሉንም ታውቅ ነበር!" አልኩት። በቀረኝ ድምፅ ጮህኩበት። "ወደ ሌላ ቡድን ወንበር ሲሄድ አይተኸዋል!"

"አይቻለሁ። እኔ አራት ደቂቃ ነው ያየሁት፤ አንተ ሰባት ሳምንት አብረኸው ቁርስ በልተሃል። ከጨዋታው በፊት፣ ዓርብ ዕለት ለምን አልደወልክልኝም፣ አርቮ? ለምን ሰኞ?"

ስልኩን ዘጋሁበት። ባለጌ ሰው ነው። ሁልጊዜም ባለጌ ነበር።

ማርች 21፣ ዓርብ

የመጀመሪያው የማጣሪያ ጨዋታ፣ በሜዳችን። አልሄድኩም። በሬዲዮ ሰማሁ። "ረምፔል የለም" አለ አስተላላፊው፣ "የላይኛው አካል ጉዳት።" ሬዲዮውን አጠፋሁት። መልሼ ከፈትኩት። 6 ለ 1 ተሸነፍን።

ሮላንድ ትናንት ፓስቲ ቤት በር ላይ አገኘኝና አላሳለፈኝም። "አንድ ሳምንት መታገሥ አቃተህ?" አለኝ። በዚህ ከተማ ውስጥ አሁን የሚጠሉኝ ሰዎች በአንድ ሳምንት ቀደምክ ብለው ነው።

ማርች 23፣ እሁድ

ሼልቢ ሁለት ቀን ነድታ ደረሰች። አጭር ሴት ናት፤ በስልክ ረጅም ትመስለኝ ነበር። ታነርን ከሆስፒታል አውጥታ ዕቃውን ልትወስድ መጣች። ቡና ላፍላ ብላት አልፈለገችም። ኮቷን ሳታወልቅ ኩሽናው መሃል ቆመች።

"መቼ ነው ያወቁት?"

"ጃንዋሪ 24፣ ዓርብ" አልኩ። ቀን ሲጠይቁኝ በትክክል መመለስ ልማዴ ነው።

"እኔ የደወልኩልዎት 27 ነው።"

"አዎ።"

"ከዚያም በማርች ደወልኩ። ሁለቴ።"

"አዎ።"

ብትጮህብኝ መልስ ነበረኝ። ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ካውፊልድ፣ ስለ ሊጉ፤ ሁሉም ተራ በተራ አፌ ላይ ነበሩ። አልጮኸችም። ሻንጣውን ላግዝ ብዬ ስነሳ "ይተዉት" አለችኝና ብቻዋን ተሸክማ ወረደች።

ታነር መኪናው ውስጥ ነበር፣ ጥቁር መነጽር፣ ኮፍያ፣ መስኮቱን ግማሽ ከፍቶ። በጣቱ ጠራኝ።

"ሽማግሌው፣ ቶሎ ንገረኝ። ቪዲዮ ማየት ተከልክያለሁ። እንዴት ነው ያገባኋት?"

ነገርኩት። ፓኳ ከጥግ እንዴት እንደመጣች፣ እንዴት ዝቅ አድርጎ እንደመታት፣ የሦስቱን ሰዎች እግር፣ የበረኛውን ክርን። እጄ በአየር ላይ መንገዷን እየሳለ ነበር፤ ድምፄ ከፍ ብሏል፤ የጡሩምባው ነገር ላይ ስደርስ ሳቅሁ መሰለኝ። ቀና ስል ሼልቢ በወዲያኛው በኩል ቁልፉን ይዛ ቆማ ታየኛለች። እጄን አወረድኩ።

"ጥሩ ነበረች?" አለ ታነር።

"በአሥራ አንድ ዓመት ካየሁት ሁሉ ትበልጣለች።"

"ከዚያ በፊት ወድቄ ነበር አሉ።"

"ወድቀህ ነበር።"

"ሰዉ ምን አለ?"

"ተነስ ብሎ ጮኸ።"

"አንተስ?"

ሼልቢ ገብታ መሪው ጋ ተቀምጣለች። ሞተሩን አላስነሳችም። እሷም ትጠብቅ ነበር።

"እኔም ጮኼያለሁ" አልኩ። "ድምፄ እስኪዘጋ።"

ታነር በጣም ደስ አለው። በመስኮቱ እጁን አውጥቶ እጄን ያዘና አልለቅ አለ። "አውቅ ነበር" አለኝ። "እንዳንተ የሚደግፈኝ የለም።"

ሼልቢ የእሱን እጅ ከእጄ ላይ አንስታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችው። መስኮቱን ዘጋችና ነዳች።